ቡፌ ላይ የከረመው ቀይ ወይን መቼ ይከፈት?

ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙም ሆነ መቱ፣ እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል ከቡፌው መስታወት ኋላ ያልተከፈተ ቀይ ወይን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው ወይም ከድግስ የተረፈ ይሆናል። «ለልጁ ምረቃ»፣ «ለልጅቷ ሠርግ» እየተባለ ዓመት ዓመትን ይተካል። ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል ተብሎ ስለሚታመንም ማንም አይቸኩልም። ይህ ግን እውነት የሚሆነው ለጥቂት ወይኖች ብቻ ነው። በዓለም ላይ ከሚመረተው ወይን አብዛኛው ለገበያ በቀረበ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የተሠራ ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ቀይ ወይን ሲጠመቅ ጭማቂው ከፍሬው ቆዳና ዘር ጋር አብሮ ይፈላል። ቀለሙም ታኒን የሚባለውም ነገር የሚመጡት ከዚያ ነው። ታኒን ሻይ ውስጥም አለ፤ ቅጠሉ በዝቶ ብዙ የፈላ ሻይ ስንጠጣ ምላሳችንንና ድዳችንን የሚያደርቀው እሱ ነው።

ጊዜ ሲያልፍ ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርስ እየተያያዙ ይተልቃሉ፤ ሲከብዱም ይዘቅጣሉ። አሮጌ ወይን ግርጌው ላይ አተላ የሚይዘው፣ ቀለሙም ወደ ሸክላነት የሚያደላው ለዚህ ነው። አፍ ማድረቁ ይለዝባል፤ የትኩስ ፍሬው ሽታም የደረቀ ፍሬንና ቆዳን ወደሚያስታውስ ሽታ ይለወጣል። እንግዲህ ጊዜ በወይኑ ላይ የሚጨምረው አዲስ ነገር የለም፤ ያለውን ነው የሚለውጠው። መጀመሪያውኑ ታኒኑ፣ ኮምጣጣነቱና የፍሬ ጣዕሙ ያልጠነከረ ወይን ቢቀመጥ ፍሬው ይጠፋና ሳሳ ያለ ኮምጣጣ መጠጥ ብቻ ይቀራል።

የትኛው ይቀመጥ?

ከፈረንሳይ የቦርዶ ምርጦች፣ ከጣሊያን ደግሞ ባሮሎ አሥርና ሃያ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እያማሩ ይቆያሉ። ዋጋቸውም የዚያኑ ያህል ነው። በእኛ ገበያ የምናገኛቸው ጉደርና አክሱማይት ግን ከምግብ ጋር ቶሎ ለመጠጣት የሚገዙ ናቸው። የፈረንሳዩ ካስቴል ዝዋይ አጠገብ ካለ እርሻ በ2006 ዓ.ም. ገበያ ማውጣት የጀመረው ሪፍት ቫሊም ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን ከሚባሉ የወይን ዝርያዎች ይሠራል። ሲራና ካበርኔ ታኒናቸው ጠንከር ስለሚል ጥቂት ዓመት ይታገሱ ይሆናል፤ የዝርያው ስም ብቻውን ግን ለአሥር ዓመት ዋስትና አይሆንም።

ለመወሰን ቀላሉ መንገድ ከአንዱ ዓይነት ሁለት ጠርሙስ ገዝቶ አንዱን ወዲያው መቅመስ ነው። አፍ ካደረቀ፣ ቆምጠጥ ካለና የፍሬ ጣዕሙም ከጠነከረ ሁለተኛውን ማቆየት ይቻላል። አሁኑኑ ለስላሳና ጣፋጭ ከሆነ መጠበቁ ትርፍ የለውም።

ዓመቱ የማን ነው?

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዓመት ፍሬው የተለቀመበት ሲሆን አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው። 2015 የሚል ጠርሙስ በእኛ የ2007 ወይም የ2008 ዓ.ም. ፍሬ ነው። በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው አሮጌውን አዲስ ነው ብሎ ሊገዛ ይችላል። ዓመት ጭራሽ ያልተጻፈበት ወይን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቶሎ እንዲጠጣ የተሠራ ነው።

ጠርሙሱ የት ከረመ?

ከዕድሜው በላይ የሚወስነው ይህ ነው። ወይንን ለዓመታት ለማቆየት ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ፣ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜና ጨለማ ይመረጣል። ሙቀት ለውጡን ያፋጥነዋል፤ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ወይኑ የተቀቀለ ፍሬ ጣዕም ያመጣል። ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ አድርጎ ሁሩሙ የሚደርስ ጠርሙስ ረጅም መንገድ በጭነት መኪና ተጉዞ፣ ከዚያም ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ይከርማል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ያረጀ ወይን በውድ መግዛት አያዋጣም።

ሲገዙ ቡሹን ይዩ። ወደ ላይ ከገፋ ወይም ዙሪያው ካዠ ሙቀት አግኝቶታል። የወይኑ ከፍታ ከጠርሙሱ አንገት ወርዶ ከሆነም አየር ገብቷል። ቤት ከደረሰ በኋላ ፀሐይ የሚያገኘውን ቡፌ ትቶ የጭቃ ግድግዳ ባለው ጓዳ፣ ወለል ላይ፣ ካርቶን ውስጥ ማጋደም ይሻላል። ሲጋደም ቡሹ እንደረጠበ ይቆያል፤ ክዳኑ ጠመዝማዛ ከሆነ ግን ቢቆምም ግድ የለም።

ጠጅስ?

ኢሉባቦር የማር አገር ነውና ጥያቄው አይቀርም። ማሩ ራሱ ውሃ ሳይነካው በደንብ ከተከደነ ለዓመታት ይቆያል። የቤት ጠጅ ግን እርሾውና ባክቴሪያው በሕይወት እያሉ ስለሚቀዳ መፍላቱ አያቆምም፤ አየር ባገኘ መጠንም ወደ ኮምጣጤነት ያመራል። ለድግስ የታሰበ ከሆነ ማሩን ማስቀመጥና ጠጁን ቀን ቆጥሮ መጣል ነው።

አሁን ይከፈት?

ለረጅም ዕድሜ የተሠራ መሆኑ በእርግጠኝነት ካልታወቀ፣ ከተጻፈበት ዓመት ወዲህ አምስት ዓመት ያለፈው ጠርሙስ ለመጪው በዓል ይከፈት። ጠርሙሱን በዋዜማው ቀጥ አድርጎ ማቆም አተላውን ያዘቅጠዋል፤ ሲቀዳም በቀስታ ነው። አተላው አይጎዳም፣ ግን ይመራል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ወይም እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ተበላሽቷል። ከተከፈተ በኋላ የተረፈው ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።

ከተጠራጠሩ ቀድመው ይክፈቱ። ጊዜው ሳይደርስ የተከፈተ ወይን ትንሽ አፍ ቢያደርቅ ነው፤ ያለፈበትን ግን የሚመልሰው የለም።