ስማርት ቁልፍ ለእንግዳ ማረፊያ ቤቶች፡- አመራረጡ፣ አገጣጠሙና አስተዳደሩ

ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ እንግዳ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል እንበል፡፡ ለአንድ ሳምንት የተከራየው ቤት ቢሾፍቱ ከተማ በሐይቅ ዳርቻ ይገኛል፡፡ የቤቱ ባለቤት ነዋሪነታቸው በዋሽንግተን ሲሆን፣ መክፈቻውን በአደራ የያዙት ዘመዳቸው በዚያ ሰዓት ስልክ አያነሱም፡፡ እንግዳው ከነሻንጣው በር ላይ ይቆማል፡፡ በሌላ በኩል ከእሱ በፊት በቤቱ ካረፉት እንግዶች መካከል መክፈቻውን ያስቀረጸ ሰው መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ የሚችል ማንም የለም፡፡

ቤቶችን ለአጭር ጊዜ ለእንግዳ ማከራየት በዓለም ላይ እየተስፋፋ የመጣው በተለይ ኤርቢኤንቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2008 በሳንፍራንሲስኮ ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ ነው፡፡ አሠራሩ ሲስፋፋ አከራይና ተከራይ ሳይገናኙ ቤት መረካከብ የተለመደ ሆነ፡፡ ስማርት ቁልፍ ተፈላጊ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ በሀገራችንም በውጭ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤቶቻቸውን ለእንግዳ ሲያከራዩ፣ እንዲሁም የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ተቋማት መክፈቻ የማረካከብ ሥራን ለማቅለል ሲያስቡ ይህ መሣሪያ ቀዳሚ አማራጭ ሆኖ ይቀርባል፡፡

ይሁን እንጂ መሣሪያውን ገዝቶ በር ላይ መግጠም በራሱ ችግሩን አይፈታውም፡፡ ስማርት ቁልፍ የመክፈቻን ጣጣ አያስቀርም፤ ከብረት ወደ ቁጥር ያዛውረዋል እንጂ፡፡ በመሆኑም ከመግዛት በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ ይኖርባቸዋል፡፡ ኔትወርክና መብራት በሌለበት ሰዓት በሩን ምን ይከፍተዋል? ለበሩ የሚስማማው የትኛው ቁልፍ ነው? የምስጢር ቁጥሮቹን የሚሰጠውና የሚሰርዘው ማን ነው?

ስማርት ቁልፍ እንዴት ይሠራል?

ስማርት ቁልፍ በውስጡ ትንሽ ሞተር፣ የኤሌክትሮኒክስ ክፍልና የባትሪ ድንጋይ አለው፡፡ ትክክለኛ ትዕዛዝ ሲደርሰው ከበሩ ወጥቶ ወደ መቃኑ የሚገባውን ብረት፣ ማለትም የቁልፉን ምላስ ያንቀሳቅሳል፤ ወይም እጀታው እንዲዞር ይፈቅዳል፡፡ ልዩነቱ ትዕዛዙ በሚደርስበት መንገድ ላይ ነው፡፡

የመጀመሪያው ዓይነት የምስጢር ቁጥሮችን በራሱ ማኅደር የሚይዝና ቁጥር በመጫን ብቻ የሚከፈት ነው፡፡ ሁለተኛው በብሉቱዝ አማካይነት ከአጠገቡ ካለ ስልክ ጋር ይገናኛል፡፡ ሦስተኛው በቀጥታ በዋይፋይ ወይም በአገናኝ መሣሪያ በኩል ከኢንተርኔት ጋር ተያይዞ ባለቤቱ የትም ሆኖ እንዲከፍትና እንዲዘጋ ያስችለዋል፡፡ ብዙ ቁልፎች ከእነዚህ መንገዶች ሁለቱን ወይም ሦስቱንም አጣምረው ይይዛሉ፡፡

ከእነዚህ በተጨማሪ ለእንግዳ ማረፊያ ቤት በተለይ የሚጠቅም አንድ አሠራር አለ፡፡ በዚህ አሠራር ባለቤቱ በስልኩ መተግበሪያ የሚያወጣው የምስጢር ቁጥር የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ጊዜ በስሌት ይዞ ይወጣል፡፡ ቁልፉም ተመሳሳዩን ስሌት በራሱ ሰዓት እየሠራ ቁጥሩን ስለሚያረጋግጥ በሩ ላይ ኢንተርኔት መኖሩ ግዴታ አይሆንም፡፡ ባለቤቱ ዋሽንግተን ሆነው ቁጥሩን ለእንግዳው በአጭር መልዕክት ቢልኩለት ቢሾፍቱ ያለው በር ይከፈታል፡፡ የኔትወርክ መቆራረጥ ለሚያጋጥምባቸው አካባቢዎች ይህ ዓይነቱ ቁልፍ ከዋይፋይ ቁልፍ የተሻለ ነው፡፡ ይሁን እንጂ የቁልፉ ሰዓት ከተዛባ ትክክለኛው ቁጥርም ተቀባይነት ያጣል፡፡ የባትሪ ድንጋይ በተቀየረ ቁጥር ሰዓቱን ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፡፡

በምርጫ ወቅት ሊተኮርባቸው የሚገቡ ነጥቦች

በቅድሚያ መታየት ያለበት በሩ ነው፡፡ በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡ አብዛኞቹ ስማርት ቁልፎች የተሠሩት 54 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ለተበሳለትና ውፍረቱ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ለሆነ የእንጨት በር ነው፡፡ ከበሩ ጠርዝ እስከ ቀዳዳው መሐል ያለው ርቀትም 60 ወይም 70 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይጠበቃል፡፡ በሀገራችን በስፋት የሚታዩት በበሩ ሆድ ውስጥ የሚቀበር ቁልፍ ያላቸው የብረት፣ የአሉሚኒየምና የእንጨት በሮች ከዚህ ይለያሉ፡፡ ስለሆነም ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ቁልፍ በር ላይ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል፡፡ ከግዥ በፊት የበሩ ውፍረት፣ ከጠርዙ እስከ መክፈቻው ቀዳዳ ያለው ርቀት፣ ከእጀታው መሐል እስከ መክፈቻው ቀዳዳ መሐል ያለው ርቀት እንዲሁም በሩ ወደ የት አቅጣጫ እንደሚከፈት ተለክቶ መመዝገብ ይኖርበታል፡፡

ሁለተኛው ነጥብ የኃይል ምንጭ ነው፡፡ ብዙዎቹ ቁልፎች የሚሠሩት እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት በሆኑ አራት የባትሪ ድንጋዮች በመሆኑ የመብራት መጥፋት በቀጥታ አይነካቸውም፡፡ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኛቸው የዋይፋይ መሣሪያ ግን መብራት ሲጠፋ ይቆማል፡፡ ከዚህም ባሻገር ሁልጊዜ በዋይፋይ የሚገናኝ ቁልፍ ድንጋይ ቶሎ ይጨርሳል፡፡ ድንጋዩ ጨርሶ ቢሞት ከውጭ በኩል ባለ 9 ቮልት ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ በማስነካት ለጊዜው ኃይል የሚያገኝ ቁልፍ መምረጥ ይመከራል፡፡

ሦስተኛው ነጥብ መጠባበቂያ የብረት መክፈቻ ነው፡፡ ለዚህ አስተማሪ የሚሆነው እ.ኤ.አ በኦገስት 2017 በአሜሪካ የደረሰው ሁኔታ ነው፡፡ ሎክስቴት የተባለ ኩባንያ በኢንተርኔት የላከው የተሳሳተ የሶፍትዌር ማሻሻያ ወደ 500 በሚጠጉ ደንበኞች ቤት የነበሩ ቁልፎች የምስጢር ቁጥር እንዳይቀበሉ አደረገ፡፡ ከተጎጂዎቹ መካከል ቤታቸውን በኤርቢኤንቢ በኩል የሚያከራዩ ነበሩበት፡፡ ስህተቱ ከሩቅ ሊታረም ባለመቻሉ ባለቤቶቹ የቁልፉን ክፍል ፈትተው ለኩባንያው መላክ ወይም ምትክ እስኪመጣላቸው መጠበቅ ግድ ሆነባቸው፡፡ በመሆኑም ማሻሻያ መጫን ያለበት ቤቱ ባዶ በሆነበትና ሰው በቦታው ባለበት ቀን ነው፡፡ የብረት መክፈቻውም ከቤቱ ውጭ፣ በአቅራቢያ በሚገኝ ታማኝ ሰው እጅ መቀመጥ አለበት፡፡

አራተኛው ነጥብ ጥንካሬ ነው፡፡ በአሜሪካ የደረጃ ምደባ ቁልፎች ከ1 እስከ 3 ደረጃ የሚሰጣቸው ሲሆን 1 ከፍተኛው ነው፡፡ ለዝናብና ለአቧራ በተጋለጠ የግቢ በር ላይ የሚገጠም ቁልፍ ደግሞ የውኃና የአቧራ መከላከያ ደረጃው መታየት አለበት፡፡ ለምሳሌ አይፒ 65 የተባለው ደረጃ አቧራ የማያስገባና በግፊት የሚረጭ ውኃን የሚቋቋም መሆኑን ያመለክታል፡፡ የኤሌክትሮኒክ ጥንካሬውም እንዲሁ ሊጤን ይገባል፡፡ እ.ኤ.አ በ2016 በላስቬጋስ በተካሄደው ዴፍኮን የተሰኘ የኮምፒዩተር ደኅንነት ጉባዔ ላይ ሁለት ተመራማሪዎች ከፈተሿቸው 16 የብሉቱዝ ቁልፎች መካከል 12ቱን ያለ ፈቃድ መክፈት እንደቻሉ አሳይተዋል፡፡ ከተከፈቱት መካከል ምስጢሩን ሳይመሰጥሩ በግልጽ የሚልኩ ይገኙባቸው ነበር፡፡ ስለዚህ አምራቹ የማይታወቅና የሶፍትዌር ማሻሻያ የማይቀርብለትን ርካሽ ቁልፍ መግዛት ውሎ አድሮ ኪሳራ ያስከትላል፡፡

አምስተኛውና ለድርድር የማይቀርበው ነጥብ የሰው ሕይወት ነው፡፡ ከውስጥ ያለ ሰው በእሳት አደጋ ጊዜ ያለ ቁጥር፣ ያለ ስልክና ያለ መክፈቻ እጀታ በማዞር ብቻ መውጣት መቻል አለበት፡፡ ይህን የማያሟላ ቁልፍ በእንግዳ ማረፊያ በር ላይ መገጠም የለበትም፡፡

አገጣጠም

በገጠማ ወቅት ከቁልፉ በፊት የሚስተካከለው በሩ ነው፡፡ በሩ በማጠፊያው ላይ ያዘነበለ ወይም ሲዘጋ ገፋ ወይም ሳብ ማድረግ የሚጠይቅ ከሆነ ሰው በእጁ እያስተካከለ ይዘጋው ይሆናል፤ ትንሹ ሞተር ግን ይህን ማድረግ አይችልም፡፡ ምላሱ ከመቃኑ ቀዳዳ ጋር ሲፋተግ ሞተሩ ይደክማል፣ ድንጋዩም ቶሎ ያልቃል፡፡ ስለሆነም የመቃኑ ቀዳዳ ምላሱን እስከ መጨረሻው በነፃነት የሚያስገባ መሆን አለበት፡፡ የብረት በር ብየዳ የሚያስፈልገው ከሆነ በያጁ ሥራውን የሚጨርሰው የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ከመገጠሙ አስቀድሞ ነው፤ ሙቀቱና የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ቁልፉን ሊያበላሹት ይችላሉ፡፡

ብሎኖቹ በእጅ መፍቻ መጠበቅ ይኖርባቸዋል፡፡ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ከመጠን በላይ ከጠበቁ የቁልፉን አካል አጣመው ምላሱን ያንቃሉ፡፡ የመጀመሪያው ሙከራ በሩ ክፍት እንደሆነ ይካሄዳል፡፡ ምላሱ በቁጥሩም በብረት መክፈቻውም ደጋግሞ ሲገባና ሲወጣ ከታየ በኋላ ብቻ በሩ ተዘግቶ ይሞከራል፡፡ የብረት በር የሬዲዮ ሞገድን ስለሚያዳክም የዋይፋይ ግንኙነቱ መፈተሽ ያለበትም በሩ ተዘግቶ ነው፡፡ ብዙዎቹ ቁልፎች የሚቀበሉት ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ ብቻ መሆኑንም ማወቅ ይገባል፡፡ በመጨረሻም ከፋብሪካው ጋር የመጣው የምስጢር ቁጥር ወዲያውኑ መለወጥ ይኖርበታል፡፡

የሰዓትና የቀን አቆጣጠር

ለሀገራችን ተጠቃሚዎች ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ ሰዓት ነው፡፡ መተግበሪያዎቹ የሚሠሩት ቀኑን ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፡፡ እንግዳው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይገባል ተብሎ በመተግበሪያው 8፡00 ተብሎ ቢሞላ፣ ቁጥሩ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል፡፡ የቀደመው እንግዳ ገና ሳይወጣ አዲሱ በሩን ሊከፍት ይችላል ማለት ነው፡፡ ትክክለኛው አሞላል 14፡00 ነው፡፡

ባለቤቱ በውጭ ሀገር ሲኖሩ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፡፡ የዋሽንግተን ሰዓት ከአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፡፡ መተግበሪያው በባለቤቱ ስልክ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ሌሊት የሚደርሰው እንግዳ ቁጥሩ ገና ሥራ ሳይጀምር በር ላይ ሊቆም ይችላል፡፡ ስለዚህ የቁልፉ ሰዓት በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት መሞላቱ መረጋገጥ፣ ከእንግዳው ጋር በሚደረግ ውልም ቀኑና ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ መገለጽ ይኖርበታል፡፡

አስተዳደርና ኃላፊነት

ለእያንዳንዱ እንግዳ የራሱ ቁጥር ሊሰጠውና በሚወጣበት ሰዓት ሊቋረጥ ይገባል፡፡ ለጽዳት ሠራተኛና ለጥገና ባለሙያም እንዲሁ የየራሳቸው ቁጥር ያስፈልጋቸዋል፡፡ አንድ ቁጥር ለሁሉም መስጠት አንድ መክፈቻ አባዝቶ ከማደል አይለይም፡፡ ዋናው የአስተዳዳሪ ቁጥር ደግሞ በምንም ምክንያት ለእንግዳ ሊሰጥ አይገባም፡፡

በተቋማት ዘንድ በይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው የአስተዳዳሪው መለያ በማን ስም እንደተከፈተ ነው፡፡ ቁልፉ በአንድ ሠራተኛ የግል ስልክና የኢሜይል አድራሻ ከተመዘገበ ሠራተኛው ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ የቤቱ ቁጥጥር አብሮት ይሄዳል፡፡ በሩ የመንግሥት፣ መክፈቻው ግን የግለሰብ ይሆናል፡፡ ይህን ለመከላከል መለያው በተቋሙ አድራሻ መከፈት፣ ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች ሊያውቁት የሚችሉ መሆን፣ በንብረት ርክክብ ሰነድ ላይም እንደማንኛውም ንብረት መስፈር አለበት፡፡ የግዥ ዝርዝር መግለጫ ሲዘጋጅም ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ፣ መጠባበቂያ መክፈቻው፣ የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚቀርብበት ዘመንና የአስተዳዳሪ ለውጥ አፈጻጸም በግልጽ ቢካተቱ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናሉ፡፡

ሌላው ጉዳይ የእንግዳው ግላዊነት ነው፡፡ ስማርት ቁልፍ ማን መቼ እንደገባ ይመዘግባል፡፡ በኒውዮርክ ከተማ ተከራዮች በስማርት ቁልፍ ብቻ እንዲጠቀሙ መገደዳቸውን ተቃውመው ፍርድ ቤት ከቀረቡ በኋላ እ.ኤ.አ በ2019 በስምምነት የብረት መክፈቻ እንዲሰጣቸው ተደርጓል፡፡ ከተማዋም እ.ኤ.አ በ2021 በእንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች የሚሰበሰብ የተከራዮች መረጃ አያያዝን የሚገዛ ሕግ አውጥታለች፡፡ በሀገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፡፡ በመሆኑም አከራዩ ምዝገባው እንዳለ ለእንግዳው አስቀድሞ ማሳወቅ፣ መረጃውን ለደኅንነት ዓላማ ብቻ መጠቀምና ሳያስፈልግ አለማቆየት ይኖርበታል፡፡

በአጠቃላይ ስማርት ቁልፍ በአግባቡ ሲመረጥና ሲገጠም እንግዳን በር ላይ ከመቆም፣ ባለቤትን ከሥጋት ያድናል፡፡ ለዚህም በቅድሚያ በሩ ይለካ፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠራው ይመረጥ፣ የብረት መክፈቻው በቅርብ ይቀመጥ፣ ሰዓቱ ይስተካከል፡፡ ከሁሉም በላይ ቁጥሩን የሚሰጠውና የሚሰርዘው ኃላፊ ተለይቶ ይታወቅ፡፡ ኃላፊው ካልታወቀ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በር ላይ ለቆመው እንግዳ የቁልፉ ዘመናዊነት የሚፈይድለት ነገር አይኖርም፡፡