የማንኪራ ምሽት፣ የፖከር ካርታና የሒሳቡ ነገር

ከጅማ ተነሥቶ የጎጀብን ወንዝ በመሻገር ወደ ቦንጋ የዘለቀ ሰው የካፋ ምድር ምን ያህል አረንጓዴ እንደሆነ ሊነገረው አያሻም። ማንኪራ ከቦንጋ ከተማ ብዙም ሳይርቅ በዴቻ ወረዳ ይገኛል። የአካባቢው ሕዝብ የአረቢካ ቡና መገኛ መሆኑን በኩራት የሚናገርለት ጫካ ነው። ባለፈው ኅዳር ተማሪዎችን አስከትዬ ወደዚያ የሄድኩት ግን ቡና ለማጥናት ሳይሆን በጥላ ዛፎች ሥር የሚደርሰውን የብርሃን መጠን ለመለካት ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ስለ ብርሃንም አይደለም። ስለ ቁማር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሁለተኛው ምሽት ነው። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ስላለን ያሳደሩን አዛውንት ቤት ውስጥ እሳት ዙሪያ ተቀምጠናል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ ተማሪዎቹም እንደ ልማዳቸው ካርታ አውጥተው ኮንከር ይጫወታሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ በሒሳብ ትምህርቱ ጎበዝ የሆነ ልጅ፣ ስልኩን ወደ እኔ አስጠግቶ «ዶክተር፣ ይሄኛው ግን ዕድል አይደለም፤ ችሎታ ነው» አለኝ። ያሳየኝ በኢንተርኔት የሚካሄድ የፖከር ጨዋታ ነበር። ለስድስት ሳምንታት ተጫውቶ ማትረፉንና ታላቅ ወንድሙ ለወጪ የሚልክለትን ገንዘብ በሙሉ እዚያው ላይ ለማዋል እንዳሰበ በኩራት ነገረኝ።

ልቆጣው ይገባኝ ነበር ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ልጁ የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ከዚህም በላይ እኔ ራሴ በዚያ መንገድ ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደሆነ እንይ። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያያቸው ሁለት ካርታዎች ይሰጡታል። ቀጥሎ ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች በጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት በአንድነት፣ ከዚያ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ካርታ ከመገለጡ በፊትና ከእያንዳንዱ መገለጥ በኋላ ተጫዋቾች በተራቸው ይወስናሉ፤ ካርታውን ጥሎ መውጣት፣ የተጠየቀውን ያህል ማስያዝ፣ ወይም ከዚያ በላይ መመደብ ይቻላል። እስከ መጨረሻው የቆዩት ከሰባቱ ካርታዎች አምስቱን መርጠው ያወዳድራሉ። ሌሎቹን ሁሉ አስፈራርቶ ያስወጣ ተጫዋች ግን ካርታው ምንም ይሁን ምን መሃል ያለውን መደብ ይወስዳል። ማስመሰል የጨዋታው አካል የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ገበጣን ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። በገበጣ ጠጠሮቹ ሁሉ በግልጽ ይታያሉ፤ የሚሸነፍ ሰው የሚሸነፈው በመቁጠር ነው። በፖከር ግን ዋናው መረጃ የተደበቀ ነው። ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተሙት የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፋቸው ለፖከር ሰፊ ቦታ የሰጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ኮምፒውተር የቼስን የዓለም ሻምፒዮን በ1997 ሲያሸንፍ፣ ሊብራተስ የተባለው ፕሮግራም አራት ታላላቅ የፖከር ተጫዋቾችን በ120,000 ዙሮች የረታው ገና በ2017 ነው። ይህም የሁለት ሰው ጨዋታ ነበር፤ የስድስት ሰው ጠረጴዛ በፕሉሪበስ እስኪደፈር ድረስ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ዓመታት ወስዷል።

ከ52 ካርታዎች አምስቱን በ2,598,960 የተለያዩ መንገዶች መምረጥ ይቻላል። ከእነዚህ ውስጥ 1,302,540ዎቹ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ጥንድ እንኳ የላቸውም። አምስቱም ካርታዎች አንድ ዓይነት ምልክት ኖሯቸው በተከታታይ ቁጥር የሚደረደሩባቸው ደግሞ 40 ብቻ ናቸው። የካርታ ጥንካሬ ደረጃም የተሠራው ከዚሁ ቆጠራ ነው፤ ብርቅ የሆነው ያሸንፋል። የይሆንታ ስሌት፣ በተለምዶ ፕሮባቢሊቲ የምንለው፣ በ1654 ፓስካልና ፌርማ በተጻጻፉት ደብዳቤ ሲወለድ መነሻው የቁማርተኛ ጥያቄ እንደነበር ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ ይስቃሉ።

አሁን ወደ ጀማሪው እንምጣ። የጀማሪ ትልቁ ስሕተት ብዙ ካርታ መጫወቱ ነው። ጥንድ «ኤ» ከሁሉም የሚበልጥ መነሻ ነው፤ የሚገኘውም በአማካይ ከ221 ዙር አንድ ጊዜ ነው። ይህ ካርታ እንኳ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ሲገጥም 85 በመቶ ያህል ያሸንፋል እንጂ፣ አምስት ሰዎች ማናቸውንም ካርታ ይዘው እስከ መጨረሻው ቢከተሉት የማሸነፍ ዕድሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እንግዲህ ደካማ ካርታ ይዞ በየዙሩ የሚገባ ሰው ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያዳግትም። አብዛኛውን ካርታ ሳይመድቡ መጣል፣ በተቻለ መጠንም ሌሎች ከወሰኑ በኋላ በሚወስኑበት ተራ ላይ ሆኖ መጫወት የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ኋላ የሚወስን ሰው የሌሎቹን ውሳኔ አይቶ ስለሚወስን መረጃው የበለጠ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ለልጁ እዚያው በቡና ፍሬ ያሳየሁት ነው። ቤተሰቡ ለቤት ፍጆታ ካደረቀው ጀንፈል ጥቂት ለምነን ወሰድን። መሃል 100 ፍሬ አለ እንበል፤ ተጋጣሚህ 50 ጨመረ፤ አንተም ለመቀጠል 50 ማስያዝ አለብህ። በእጅህና በጠረጴዛው ላይ ካሉት ካርታዎች አራቱ ልብ ናቸው፤ አምስተኛ ልብ ከመጣ ታሸንፋለህ፣ ካልመጣ ትሸነፋለህ። ያላየሃቸው 47 ካርታዎች ሲሆኑ 9ኙ ልብ ናቸው። የምታየው አንድ ካርታ ብቻ ከሆነ ዕድልህ 9 ለ47፣ ማለትም 19 በመቶ ነው። 150 ለማግኘት 50 የሚያስይዝ ሰው ግን ቢያንስ 25 በመቶ ዕድል ያስፈልገዋል። በመሆኑም እንዲህ ባለ ውሳኔ በአማካይ 12 ያህል ፍሬ ትከስራለህ። ተጋጣሚህ ያለውን ሁሉ አስይዞ ሌላ መደብ የማይጠየቅ ቢሆንና ሁለቱንም ቀሪ ካርታዎች በዚያው ክፍያ የምታይ ከሆነ ግን ዕድልህ ወደ 35 በመቶ ያድጋል፤ ያው ካርታ በአማካይ 20 ፍሬ ያተርፍልሃል። ልጁ ይህን በቃሉ አስልቶ ጨረሰው። ችሎታ ነው ያለው ለዚህ ነው፤ በዚህ ረገድም ትክክል ነው።

ከዚያ በኋላ ነበር አንድ ሐሳብ ያቀረብኩት። ስድስቱም ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 50 ፍሬ ይዘው እንዲጫወቱ፣ እኔ ደግሞ ካርታ እያደልኩ ከእያንዳንዱ መደብ አንድ ፍሬ ብቻ እንድወስድ። መደቡ በአብዛኛው 20 ፍሬ አካባቢ ነበር፤ ስለዚህ ድርሻዬ 5 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። በብዙ የኢንተርኔት ፖከር ቤቶች የሚወሰደውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሦስት ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ተቆጣጠርነው፤ 82 ዙር። ከ300ው ፍሬ 218 በእነርሱ እጅ ቀርቷል፤ 82ቱ በእኔ ጉልበት አጠገብ ተከምሯል። ከ50 በላይ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ግን ማን እንደበላቸው እርስ በርስ ይካሰሱ ነበር። አዛውንቱ ክምሩን አየት አድርገው «ልጄ፣ ካርታ ያልያዘው ሰው ነው ያሸነፈው?» አሉኝ። እንዲያ ነው አባቴ አልኳቸው።

የፊዚክስ ሰው ይህን ሲያይ ሰበቃ ትዝ ይለዋል። በዝግ ሥርዓት ውስጥ ጉልበት ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ቢዘዋወርም ድምሩ አይቀንስም፤ ቀዳዳ ካለው ግን በእያንዳንዱ ግጭት ጥቂት ይባክናል። በእጅ የሚታደል ካርታ በሰዓት 27 ዙር ቢሄድ፣ በኢንተርኔት አንድ ጠረጴዛ በሰዓት 60 እና 70 ዙር ይደርሳል፤ አንድ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ በብዙ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። በዚህ ፍጥነት የስድስቱ ተማሪዎች 300 ፍሬ በአምስት ሰዓት ገደማ ያልቅ ነበር። አንድ ተጫዋች አማካይ ችሎታ ካለው ኪሳራው እርግጠኛ ነው፤ ለማትረፍ ከሌሎቹ መብለጥ ብቻ ሳይሆን ከድርሻው በሚበልጥ ልክ መብለጥ ይኖርበታል።

«እኔ ግን አትርፌያለሁ» አለ ልጁ። እዚህ ላይ ነው የራሴን ታሪክ የነገርኩት።

እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ባለሙያ ከ100 ዶላር ባነሰ ክፍያ በኢንተርኔት ተወዳድሮ ለፖከር የዓለም ሻምፒዮና አለፈ፤ 839 ተወዳዳሪዎችም በተሳተፉበት ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በሦስት ዓመት ውስጥ የዚያው ውድድር ተሳታፊዎች 8,773 ደረሱ። እኔ ለዶክትሬት ትምህርት አውሮፓ በነበርኩበት ጊዜ ይህ ማዕበል ገና አልበረደም ነበር፤ ክረምቱ ረጅም፣ መኖሪያ ክፍሌም ጠባብ ነበረች። የሦስት ወር ሒሳቤን በደብተር ጻፍኩ። በ12,000 ዙር ከ100 ዙር በአማካይ 6 መነሻ መደብ አትርፌያለሁ። በገንዘብ 360 ዶላር ይሆናል። ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግን ያንን ትርፍና የአንድ ወር የቤት ኪራይ ጨምረው ወሰዱት።

የሚያሳፍረኝ ገንዘቡ አይደለም። በዚያው ሰሞን ቀን ቀን ቤተ ሙከራ ውስጥ የምሠራው ደካማ ምልክትን ከጫጫታ የመለየት ሥራ ነበር፤ ማታ ማታ ግን ያንኑ ሒሳብ በራሴ ደብተር ላይ አልሠራሁትም። በስድስት ሰው ጠረጴዛ የአንድ ተጫዋች ውጤት በየ100 ዙሩ 90 መነሻ መደብ ያህል ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የምንለው ይህ ነው። መዋዠቁ በዙሩ ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ብቻ ስለሚሟሽሽ፣ ለ120 መቶዎች 90ን ለ11 ገደማ አካፍሎ 8 ማግኘት ይበቃል። ውጤቴ 6 ሲሆን የስሕተቱ ወሰን 8 ነበር! ተማሪ እንዲህ ያለ ሪፖርት ይዞልኝ ቢመጣ «ምንም አልለካህም» ብዬ እመልሰዋለሁ።

አንድ ጎበዝ ተጫዋች በእርግጥ ከ100 ዙር 5 የሚያተርፍ ቢሆን እንኳ፣ ትርፉ ከመዋዠቁ ጋር እኩል የሚሆነው ከ32,400 ዙር በኋላ ነው። በሳምንት አምስት ሰዓት፣ በሰዓት 70 ዙር ለሚጫወት ሰው ይህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። ለስድስት ሳምንት የተጫወተ ሰው ስለ ችሎታው ምንም ማለት አይችልም፤ ማትረፉም መክሰሩም መረጃ አይደለም። ጨዋታው በእርግጥ የችሎታ ነው። ነገር ግን ችሎታው እንዳለህ ከማወቅህ በፊት የወንድምህ ገንዘብ ያልቃል አልኩት።

ካርታው ራሱ በትክክል መበወዙን በተመለከተም ጥያቄ ተነሣ። 52 ካርታዎች ሊደረደሩ የሚችሉባቸው መንገዶች ብዛት ከ8 ቀጥሎ 67 ዜሮ ቢጻፍ ከሚገኘው ጋር ይቀራረባል። በ1999 ግን የአንድ ሶፍትዌር አምራች ድርጅት ታማኝነቱን ለማሳየት የመበወዣ ስልቱን ለሕዝብ ይፋ አደረገ። የሪላየብል ሶፍትዌር ቴክኖሎጂስ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት የመበወዣው መነሻ ቁጥር 32 ቢት ብቻ መሆኑን አዩ፤ ይህም ከአራት ቢሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ድርድር ብቻ ይሰጣል። ከዚህ የከፋው ቁጥሩ የሚወሰደው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ካለፉት ሚሊሰከንዶች መሆኑ ነው፤ በቀን ውስጥ ያሉት ደግሞ 86,400,000 ናቸው። ሰዓታቸውን ከአገልጋዩ ኮምፒውተር ጋር በማመሳሰል አማራጮቹን ወደ 200,000 ዝቅ አደረጉና የራሳቸውን ሁለት ካርታና የመጀመሪያዎቹን ሦስት የጋራ ካርታዎች ካዩ በኋላ የሁሉንም እጅ ማወቅ ቻሉ። ስሕተቱ ታርሟል። በ2007 ደግሞ በአንድ ሌላ ድረ ገጽ የውስጥ ሰው የሌሎችን ካርታ እያየ ሲጫወት መቆየቱ ተጋለጠ፤ ያጋለጡትም የጨዋታ መዝገቡን በስታቲስቲክስ የመረመሩ ተጫዋቾች ራሳቸው ናቸው። ዛሬ የመበወዣው ነገር ብዙ ተሻሽሏል፤ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰው ይሁን ፕሮግራም የሚለው ጥያቄ ግን ብሷል።

ታዲያ መማር የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? በቡና ፍሬ ወይም በቆሎ ይጫወት፤ በሐሳዊ ገንዘብ የሚያጫውቱም አሉ፤ ምንም እንኳ የሚጠፋ ነገር በሌለበት ሰው በድፍረት ስለሚመድብ ጨዋታው ፍጹም አንድ ዓይነት ባይሆንም። የእያንዳንዱን ቀን ውጤት፣ በተለይ የከሰረበትን ቀን፣ በደብተር ይጻፍ። ከአማካዩ ጎን የስሕተቱን ወሰን ያስቀምጥ።

በማግሥቱ ጀንፈሉን ቆጥረን ለባለቤቶቹ መለስን፤ ዝናቡም አባርቶ ስለነበር ወደ ብርሃን መለኪያችን ተመለስን። ልጁ ከዚያ ወዲህ የወንድሙን ገንዘብ እንዳልነካ ነግሮኛል፤ ማመን እፈልጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ ደብተሩን አሳየኝ። በሐሳዊ ገንዘብ 4,100 ዙር ተጫውቷል፤ ከ100 ዙር አማካዩ 9 ነው። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ሲደመር ሲቀነስ 14» ብሎ ጽፎበታል።