ከካዚኖ ጠረጴዛ ጀርባ ያለው ትምህርት

በአሜሪካዋ የኔቫዳ ግዛት የካዚኖ ቁማር በሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ የግዛቲቱ ትልቋ ከተማ ላስ ቬጋስ ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከካዚኖ ጋር በተያያዘ ሥራ የሚተዳደሩባት በመሆኗ፣ ለዚህ ሙያ የሚያበቃው ሥልጠና ለአማርኛ አንባቢም ሩቅ ጉዳይ አይደለም።

የሙያው መግቢያ ብዙውን ጊዜ ዲለርነት ሲሆን፣ ዲለር የሚባለው ካርታ እየበወዘ የሚያድል፣ ላሸነፈ የሚከፍልና ከተሸነፈ የሚሰበስብ የካዚኖው ሠራተኛ ነው። ለዚህ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አይጠየቅም። የዲለር ትምህርት ቤቶች የካርታዎቹ ድምር ከ21 ሳያልፍ ወደዚያው ለመቅረብ የሚሞከርበትን ብላክጃክን በጥቂት ሳምንታት ያስተምራሉ፤ በጥንድ ዳይስ የሚካሄደው ክራፕስ ግን የውርርዱ ዓይነት ስለሚበዛና ክፍያው እንደየውርርዱ ስለሚለያይ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

የተመልካችን ዓይን የሚስበው የጣት ቅልጥፍና ቢሆንም፣ ሠልጣኙን አብዝቶ የሚፈትነው ሒሳቡ ነው። 38 ቁጥሮች ባሉት የአሜሪካ ሩሌት፣ ማለትም ኳስ በሚዞርበት ተሽከርካሪ ጎማ፣ በአንድ ቁጥር ላይ ያሸነፈ ለ1 ዶላር 35፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያስቀመጠ 17፣ በአራት መገናኛ ላይ ያስቀመጠ 8 ዶላር ይከፈለዋል፤ ዲለሩም በገንዘብ ምትክ የሚያገለግሉትን የተቆለሉ ቺፖች አይቶ ድምሩን ያለ ማስያ ወዲያው ማወቅ አለበት። ይህን ሒሳብ ተጫዋቹም ቢማረው አይጎዳውም፤ ከ38 ዕድል አንዱን ይዞ 35 ብቻ መቀበል የካዚኖው ትርፍ ከየት እንደሚመጣ ያሳያልና።

ከዚያ ቀጥሎ በካሜራ ፊት መሥራትን መልመድ ይመጣል፤ ዲለር ከጠረጴዛ ሲነሣ መዳፎቹን አጨብጭቦ የሚገለብጠው፣ በጣሪያው ካሜራ የሚከታተሉት ሰዎች ምንም አለመያዙን እንዲያዩ ነው።

የምስክር ወረቀት ብቻውን አያስቀጥርም። አመልካቹ ዕድሜው 21 ሞልቶ፣ የጣት አሻራ ሰጥቶ በግዛቲቱ ተቆጣጣሪ አካል መመዝገብ ያለበት ሲሆን፣ ከመቀጠሩ በፊትም በጠረጴዛ ላይ እያጫወተ ይፈተናል። ወደ አስተዳደር ለመውጣት ለሚሻ ደግሞ በላስ ቬጋስ የሚገኘው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሆቴል አስተዳደር ኮሌጅ፣ ከ1993 ጀምሮ የቁማር ጥናት ተቋም አለው።

የዲለር መነሻ ደመወዝ አነስተኛ ሆኖ ገቢው በአብዛኛው ከተጫዋቾች በሚገኝ ጉርሻ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ ከመፈጸም በፊት በሥራው ላይ ያሉትን ሰዎች ስለ ሌሊት ፈረቃውና ስለ ገቢው መዋዠቅ መጠየቅ ይበጃል።