ጄኔራሉን ፍለጋ፤ ከሁሩታ እስከ ኢተያ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ለሰው ልጅ መብት ስለ ታገለ አንድ መሪ ፊልም ሥሩ ብትባሉ ከማን ትጀምራላችሁ? በሁሩታ የማስተምራቸው ስድስት ተማሪዎች ለክበባቸው የዐሥር ደቂቃ ፊልም እንዲያዘጋጁ በታዘዙ ጊዜ፣ ሁሉም ባንድ ድምፅ «ማርቲን ሉተር ኪንግ!» አሉ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር። ሥዕሉም ድምፁም በእጅ ስልካቸው ውስጥ ሞልቶ ይገኛል፤ ድካም የለውም።

እኔም አንድ ጥያቄ አቀረብሁላቸው። ኪንግ በዋሽንግተን አደባባይ ዝነኛ ንግግራቸውን ያደረጉት ነሐሴ 22 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1955፣ በጥር ወር፣ በአዲስ አበባ አንድ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ከሁሩታ ብዙ በማይርቁት በኢተያና በዴራ ሕዝብ ሰብስበው ስለ ትምህርት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ሕክምናና ስለ ሰው እኩልነት ተናግረዋል። «ከመካከላችሁ ይህን የሚያውቅ ማነው?» ብል አንድ እጅ እንኳ አልተነሣም። ፍለጋችን በዚህ ተጀመረ።

ማኅበሩ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ነው። ሊቀ መንበሩ ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ ሲሆኑ፣ ትንሽ ቆይተው የገቡትና ስማቸው ከሁሉ በላይ የገነነው ግን ጄኔራል ታደሰ ብሩ ናቸው። ተማሪዎቹ የኦላና ዞጋን «ግዝትና ግዞት» የተባለ መጽሐፍ እየተቀባበሉ አነበቡ። ባነበቡም ቍጥር ግራ መጋባታቸው ጨመረ፤ እነርሱ የፈለጉት ከልጅነቱ ጀምሮ ዐመፀኛ የሆነ ጀግና ነበርና።

ታደሰ ብሩ የሰላሌ ሰው፣ የፖሊስ መኰንንና የፈጥኖ ደራሽ አዛዥ ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት በተሞከረ ጊዜ የራሳቸው የፖሊስ ሠራዊት አዛዥ ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከአድማው ጋር ሲሰለፉ፣ ታደሰ ብሩ ግን ለዘውዱ ታምነው ተዋጉ። በ1954 ኔልሰን ማንዴላ የውትድርና ትምህርት ሊቀስሙ ኮልፌ በመጡ ጊዜ ከተቀበሏቸው መኰንኖች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ማንዴላ ስድስት ወር ሊቈዩ አስበው በስምንተኛው ሳምንት ወደ አገራቸው ሲጠሩ፣ ያን ጊዜ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት በስጦታ ሰጧቸው። ይህን የጻፉት ማንዴላ ራሳቸው ናቸው።

ታዲያ እንዲህ ያለ የመንግሥት ሰው እንዴት ተለወጠ? ጄኔራሉ መሃይምነትን ለማጥፋት የተቋቋመውን ዘመቻ በሊቀ መንበርነት ይመሩ ነበር። ማን እንደሚማር፣ ማንስ ከትምህርት እንደ ተገለለ ከዚያ ወንበር ላይ ሆነው በዓይናቸው አዩ። ከዚያም ወደ ማኅበሩ ገቡ፤ በግንቦት 1958 በኢተያ፣ በ1959 መጀመሪያም በዴራ እጅግ ብዙ ሕዝብ የተገኘባቸው ስብሰባዎች ተደረጉ።

እኛም ወደ ኢተያ ወረድን። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ የነበሩ አንድ አባት አገኘን። ተማሪዎቹ ካሜራቸውን ደግነው «አባ፣ ጄኔራሉ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ብዙ ካሰቡ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ የተናገሩትን አልሰማሁም፤ ሕዝቡ ብዙ ነበር። የማስታውሰው አባቴን ነው። ጭሰኛ ነበር፤ እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክባል። ባለመሬቱ ሲያልፍ ከመንገድ ወጥቶ ይቆም ነበር። የዚያን ቀን ግን ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ በመንገዱ መካከል ሄደ።»

ተማሪዎቹ ንግግሩን ባለማግኘታቸው ቅር ተሰኙ። እኔ ግን የፊልሙ ልብ እዚህ ላይ እንደ ሆነ ታወቀኝ።

ማታ ስንመለስ አንዲት ተማሪ ብቻዋን ቀርታ፣ «ቲቸር፣ የኔ ቅድመ አያት እኮ የባለመሬቱ ምስለኔ ነበሩ። በፊልማችን እንደ ጠላት ልናሳያቸው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። በማግሥቱ ግን የጄኔራሉን ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥተን በክበቡ ተወያየንበት። በ1953 ዙፋኑን ያዳነ ሰው በ1959 በዚያው ዙፋን ትእዛዝ ከታሰረ፣ ሰው በተወለደበት ወይም በተሾመበት ስፍራ ተቸንክሮ እንደማይቀር ራሳቸው ተማሪዎቹ ተናገሩ። ልጅቱም ቤቷ ሄዳ ሴት አያቷን በስልኳ ቀርጻ መጣች። አያትየው ያሉት ይህን ነው፦ «ጭሰኞቹ እህሉን አራግፈው በራችን ላይ ያርፉ ነበር። እናቴ ውሃ ትሰጣቸው ነበር፤ እህሉን ግን አልመለሰችላቸውም።» ልጅቱ አንዲት ቃል እንኳ ሳትቈርጥ በፊልሙ አስገባችው።

የማኅበሩን መጨረሻ ለማሳየት ሥዕል ስላልነበረን በድምፅ ብቻ ተረክነው። በ1959 በአዲስ አበባ በሲኒማ ኢትዮጵያ ቦምብ ፈነዳ፤ ማኅበሩ ተወነጀለ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ማኅበሩም ታገደ። መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በ1961 በሞት ተቀጣ። ጄኔራሉም ሞት ተፈርዶባቸው ነበር፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ተለውጦላቸው በሐረርጌ ጋለምሶ በግዞት ተቀመጡ። በ1966 አብዮት ተፈቱ፤ ከደርግ ጋር ግን አልተስማሙም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ ጭሰኝነት ቀረ። ጄኔራሉ በመጋቢት ወር፣ አዋጁ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በጥይት ተደብድበው ሞቱ።

ፊልሙ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ታየ። የኢተያው ሽማግሌ ካሜራ ፊት ሲቀርቡ አንድ ነገር ብቻ ለምነው ነበር፤ ይኸውም ሥዕል ያልቀረለት አባታቸው ስም እንዲጻፍ ነው። ተማሪዎቹም በመጨረሻው ላይ ከጄኔራሉ ስም ቀጥለው፣ በዚያው ልክ ፊደል ጻፉት። መብራት ሲበራ ሽማግሌው አልተነሡም። «የጄኔራሉን ስም በመጽሐፍም ታገኙታላችሁ፤ የአባቴን ግን ተጽፎ ሳየው ዛሬ ገና ነው» አሉ።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ያን ጊዜ በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ የነበሩት ልጆች ዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። በየቤታችን አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ጥያቄያችሁን ለነገ አታሳድሩት። የጠየቃችሁትን ባያስታውሱ እንኳ ዝም ብላችሁ አድምጡ፤ የሚያስታውሱት ሌላ ነገር አለ።