ያማረ ኩሬ፣ ጤነኛ ዓሣ

ጓሯችን ውስጥ አንድ የዓሣ ኩሬ አለን። ርዝመቱ 15 ሜትር ነው። ወርዱ 10 ሜትር ነው። 15 በ10 ሲባዛ 150 ይሆናል። ስለዚህ ኩሬያችን 150 ካሬ ሜትር ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 2 የዓሣ ጫጩት ጨመርን። በድምሩ 300 ጫጩት ማለት ነው። የዓሣው ዓይነት ቆሮሶ ነው። ቆሮሶን የጣና አካባቢ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ኩሬውን ቆፍረን የጨረስን ቀን ደስ ብሎን ነበር። ክረምት ሲገባ ግን መልኩ ጠፋ። ዳር ዳሩ ተናደ። ጎርፍ ገብቶበት ውሃው ደፈረሰ። ሣሩ አድጎ ጉልበት ደረሰ። እንቁራሪቱ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል። ጎረቤቶቻችን በዚያ ሲያልፉ፣ «እናንተ ሰዎች፣ የእንቁራሪቱ ሠርግ መቼ ነው?» እያሉ ይስቁብናል።

አፈርን። ኩሬያችንን እናሳምር ብለንም ተነሣን። ዛሬ የምንነግራችሁ ያደረግነውን ነው። ያጠፋነውንም አንደብቅም።

ሐምራዊው አበባ

ጥፋታችን ከአበባ ይጀምራል። መስከረም ላይ ገበያ ሄደን ስንመለስ በሐይቁ ዳር አለፍን። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል አየን። ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ያብረቀርቃል። አበባው ሐምራዊ ነው። ሲያዩት ልብ ይወስዳል። ሦስት እግር ነቅለን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ወሰድን። ኩሬያችን ላይ ጣል አደረግነው።

እምቦጭ የሚባል አረም እንዳለ በወሬ ሰምተን ነበር። በዓይናችን ግን አላየነውም። አረም እንዲህ ያምራል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ተክሉ ቶሎ ተባዛ። ውሃውም እየጠራ ሄደ። «እሰይ! መስታወት መሰለ» አልን። ነገር ግን ዓሦቹ ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ከውሃ በላይ እያወጡ አየር ይስቡ ጀመር። ምግብም ቀነሱ። ምክንያቱን አላወቅንም።

ለኅዳር ጽዮን አጎታችን ሊጠይቁን መጡ። ዕድሜያቸውን ሁሉ በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ኩሬውን እንዳዩ ቆም አሉ።

«ልጆቼ፣ ይህን ማን አመጣባችሁ?» አሉ።

«እኛው ነን ጋሼ። አበባው አምሮን ነው» አልናቸው።

«አበባውስ ያምራል። እኔም ወድጄው ነበር፣ ታንኳዬን አላስኬድ እስኪለኝ ድረስ። ይህ እምቦጭ ነው» አሉን።

እምቦጭ ምን ያደርጋል?

የእምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በአገራችን በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ታየ። በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ ታወቀ። ታንኳ ያግዳል። መረብ ይይዛል። በሐይቁ ዳር የከብት ግጦሽና የእርሻ ቦታ ይወርሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጥቅምት 2013 ብዙ ሕዝብ ወጥቶ በእጁ ነቅሎታል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ነቀላ የሚጠፋ አረም አይደለም። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል።

ከሁሉ የሚከፋው መባዛቱ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። እስቲ አብረን እናስላ። እኛ 3 ጣልን። በሁለት ሳምንት 6 ሆነ። ከዚያ 12፣ ከዚያ 24፣ ከዚያ 48። በአሥረኛው ሳምንት 96 ሆነ። ሌላ አሥር ሳምንት ብንተወው ኖሮ 3072 በሆነ ነበር። ኩሬያችን ግን ያን ያህል ቦታ የለውም። ታዲያ የት ይሄዳል?

አጎታችን የጠየቁን ይህንኑ ነው። «የኩሬው ትርፍ ውሃ ወዴት ይወርዳል?» አሉ። ደነገጥን። ትርፉ ውሃ በቦይ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከታች ያሉ ሰዎች በዚያ ወንዝ ሽንኩርት ያጠጣሉ። ከብትም ይጠጣበታል።

ወዲያው ቦዩን ዘጋን። ወንዙን ተከትለን ወረድን። አንድ መታጠፊያ ላይ ሁለት እግር እምቦጭ ቄጠማ ይዞት አገኘን። ነቀልነው። ለሚስቁብን ጎረቤቶቻችንም ሄደን እውነቱን ነገርን። ማፈራችን አልቀረም። እነሱ ግን በዚያን ቀን አልሳቁም። ሱሪያቸውን ሰብስበው ኩሬው ውስጥ ገቡ። አብረን ከነሥሩ ነቀልን። ዘጠና ስንደርስ መቁጠሩን ተውነው። የነቀልነውን ከውሃ ርቆ ደረቅ መሬት ላይ አሰጣነው። ሲደርቅ አቃጠልነው። እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ኩሬውን እንፈትሻለን። አንድ ቅጠል ብቅ ካለ እንነቅላለን።

ውሃው ምን ዓይነት ይሁን?

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ተማርን። የዓሣ ኩሬ የሚያምረው ውሃው ሲጠራ አይደለም። አረንጓዴ ሲሆን ነው። አረንጓዴ የሚያደርጉት በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ዕፅዋት ናቸው። ቆሮሶ ይመገባቸዋል። ቀን ፀሐይ ሲያገኙም ለዓሣው አየር ይሰጣሉ። እምቦጭ ፀሐዩን ስለጋረደባቸው ሞቱ። ውሃው የጠራው ለዚህ ነው። ለካ እኛ እሰይ ያልነው ዓሣችን ሲራብ ነው!

ውሃውን በክንዳችሁ መለካት ትችላላችሁ። ክንዳችሁን እስከ ክርን ድረስ ቀጥ አድርጋችሁ አግቡ። መዳፋችሁ በደንብ ከታየ ምግቡ ጥቂት ነው። ፍግ ጨምሩ። ክንዳችሁ ገና ሳይጠልቅ መዳፋችሁ ከጠፋ አረንጓዴው በዝቷል። ፍጉን አቁሙ፤ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ። መዳፋችሁ ክርናችሁ ውሃ ሲነካ ከጠፋ ደህና ነው። ውሃው ቡናማ ከሆነ ግን ጭቃ ነውና ይህ መለኪያ አይሠራም።

ዳሩን እንዴት አሳመርነው?

አንደኛ፣ ከኩሬው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፈርን። ጭቃ መግባቱ ቀረ።

ሁለተኛ፣ የተናደውን ዳር በሸክላ አፈር ጠቅጥቀን ሰርዶ ተከልንበት። የሰርዶ ሥር አፈር ይይዛል። በየጊዜው እናጭደዋለን። የታጨደ ዳር ለእባብ መደበቂያ አይሆንም። ውሃው ውስጥ ሣር ከሌለ የወባ ትንኝ እጭ መጠለያ ያጣል፤ ዓሣውም ይበላዋል።

ሦስተኛ፣ ጥልቀት የሌለውን ዳር ቆፍረን እስከ 80 ሳንቲ ሜትር አወረድነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ አረም በቀላሉ አይበቅልም።

አራተኛ፣ ፍጉን በየቦታው መበተን ተውን። በአንድ ጥግ በእንጨት አጥረን እዚያ እንጨምራለን። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቆሻሻ የለም።

አምስተኛ፣ ዳሩ ላይ ትልቅ ዛፍ አልተከልንም። የዛፍ ሥር ግድቡን ይበሳል። ቅጠሉ ረግፎ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። በዛፍ ፈንታ ጠጅ ሣር ተከልን። ከግድቡ በታች ጎመንና ሙዝ አለን፤ የኩሬውን ውሃ እናጠጣቸዋለን። ውሃው ፍግ ስላለው ጎመኑ እንዴት ይፋፋል መሰላችሁ!

ስድስተኛ፣ ዙሪያውን አጥረን በር አበጀንለት። ይህ ለመልክ ብቻ አይደለም። ኩሬ ባለበት ቤት ሕፃን አለና።

ትርፉ ውሃ በሚወጣበት ቦታም ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አደረግን። ዓሣም አረምም አያሳልፍም።

አሁን ጎረቤቶቻችን ሲያልፉ አይስቁም። ማታ ማታ መጥተው ዳሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱ የራሳቸውን ኩሬ መቆፈር ጀምረዋል። አበባ ከፈለጋችሁ በደረቁ መሬት ላይ ትከሉ አልናቸው። ከሐይቅ ዳር የሚመጣ የውሃ ተክል ግን የቱንም ያህል ቢያምር በጓሯችሁ አይግባ። ውሃ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ከእኛ ጓሮ የወጣው ከታች ላለው ሰው ይደርሳል።

እናንተስ? የኩሬያችሁ ትርፍ ውሃ ወዴት ይወርዳል? ነገ ጠዋት ሄዳችሁ እዩት።