ስለ ሙሽራ ፊት ጥላና ስለ ስምጥ ሸለቆ ሙቀት

ዐቢይ ጾም አልፎ ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ወራት ሲገባ፣ በአዳማ፣ በሞጆና በባቱ ከተሞች ሙቀቱ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ስለዚህ እኅቶቻችን ኮንቱር የተባለውን የፊት ቅብ እንዴት አድርገው እንዲቀቡት ጥቂት ለማስረዳት አሰብን።

ብልሃቱ ከጥላ የተገኘ ነው። ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባውን ስፍራ ጎድጎድ ያለ፣ የፈካው ደግሞ ብቅ ያለ ያስመስለዋል፤ የቴአትር ተዋንያንም መልካቸው ከሩቅ እንዲለይ ሲሉ ይሠሩበታል። ጠቆር ያለው ከጉንጭ አጥንት በታች፣ በአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ በመንጋጋም ጠርዝ ይቀባል፤ የፈካው በአፍንጫ መካከልና ከዓይን በታች ነው። ጥላው ከገላ መልክ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ብቻ ይጥቆር። አመድማ ቀለም የጠይምን ፊት የታመመ ያስመስለዋልና፣ ወደ ቡና መልክ የሚያደላውን መምረጥ ይሻላል፤ መስመሩም እስኪጠፋ ድረስ በስፖንጅ ይዳመጥ።

ወፍራም ቅብ በሙቀት ከላብ ጋር ይወርዳል። ስስ አድርገው ቀብተው ፑድራ ይነስንሱበት፤ ላብ ሲመጣም በመሐረብ ጫን እያሉ ማድረቅ እንጂ መጥረግ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን፣ ለሠርጉ ቀን ብለው ፊታቸውን በቅባት ለማቅላት የሚነሡት ናቸው። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ እርሱም በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ምን እንደ ተቀላቀለበት በዕቃው ላይ ያልተጻፈበትን ቅባት እናቶች ለልጆቻቸው ባይገዙ እንወዳለን።