ልብን መሰብሰብና የሕይወት ትርጕም

የሰው ልብ በባሕርዩ ተቅበዝባዥ ነው፤ ሥጋው ከማዕድ ቀርቦ ሳለ አሳቡ ትናንት ወደ ተዋረደበት ሸንጎ ይመለሳል፣ ወይም ገና ያልደረሰውን የነገን መከራ አስቀድሞ ሊቀበል ይገሠግሣል፤ በዚህ መካከል የዛሬዪቱ ዕለት ሳትታወቀው ታልፋለች። ስለዚህም የቡድሃ ተከታዮች የሆኑ የእስያ መነኮሳት ልብን ወደ አሁኑ ሰዓት የመሰብሰብን ልምምድ ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ በእኛም አገር ሱባዔ የሚይዙ አባቶች፣ ሃይማኖታቸውና ግባቸው ከእነዚያ የተለየ ቢሆንም፣ የአሳብን መባዘን ለመግታት በጽሙናና በአርምሞ ሲጋደሉ መኖራቸው የታወቀ ነው።

ያን የቡድሃ ተከታዮች ልምምድ ከገዳም አውጥተው ወደ ሐኪም ቤት ካስገቡት ሰዎች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመማቸው ሥር ሰድዶ መድኃኒት ላላሻራቸው ሰዎች የ8 ሳምንት ትምህርት አቋቋመ። ትምህርቱ የሚጀመረው በአንዲት ፍሬ ዘቢብ ነው፤ ተማሪው ዘቢቢቱን በመዳፉ አኑሮ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከቶ አይቶ እንደማያውቅ ሰው፣ የቆዳዋን መጨማደድ በብርሃን እያገላበጠ ይመለከታል፤ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸታታል፤ በምላሱ ላይ አድርጎ ሳያኝክ ጥቂት ይቈያል፤ በመጨረሻም ቀስ ብሎ ነክሶ ጣዕሟ በአፉ ሲሰራጭ ያጣጥማል። ዘቢብን በዕፍኝ ሲቅም የኖረ ሰው፣ ስንት ነገር በድንዛዜ እንዳለፈው በአንዲቱ ፍሬ ይገነዘባል።

ከዘቢቡ በኋላ አስተውሎቱ ወደ እስትንፋስና ወደ ገዛ አካል፣ ቀጥሎም ወደ ሕመሙ ይመለሳል። ወገቡን የሚያመው ሰው ሕመሙን ሳይሸሽ ሲመረምር፣ ከሥጋው ስቃይ በላይ «ይህ ደዌ እስከ ሞት አይለቀኝም፤ ልጆቼስ በማን እጅ ይወድቃሉ?» የሚለው አሳብ ሌላ ሸክም እንደ ጨመረበት ያያል፤ ይህም አሳብ እንጂ የተፈጸመ ነገር አለመሆኑን ሲለይ፣ ሕመሙ ባይጠፋ እንኳ ሸክሙ ይቀልለታል። ሲጋል፣ ዊሊያምስና ቲዝዴል የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንትም ይህንኑ መንገድ ለሚመላለስ የድብርት ሕመም አውለውት፣ በተለይ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ለታመሙ ሰዎች በሽታው እንዳያገረሽ እንደሚረዳ በምርምር አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ወይም ያልሻረ የመከራ ትዝታ ያለበት ሰው ብቻውን ከአሳቡ ጋር መቀመጡ ቍስሉን ሊያነሣሣበት ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያማክር ባይጀምረው ይሻላል።

ነገር ግን ልቡ የተረጋጋ ሁሉ የሚኖርለትን ነገር አግኝቷል ማለት አይደለም። «ለምን እኖራለሁ?» የሚለውን ጥያቄ በመራራ ፈተና ውስጥ የመረመረው ቪክቶር ፍራንክል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. በቪየና የተወለደው ይህ አይሁዳዊ የአእምሮ ሐኪም፣ በ1942 ዓ.ም. ከቤተሰቡ ጋር በናዚዎች ተግዞ፣ አውሽዊትዝን ጨምሮ በአራት የእስረኞች ሰፈሮች አለፈ፤ አባቱን፣ እናቱን፣ ወንድሙንና ሚስቱን በዚያ መዓት አጥቶ በ1945 ዓ.ም. ነጻ ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍና በመሠረተው የሕክምና ዘዴ እንዳስተማረው፣ ሰው የሕይወቱን ትርጕም በሦስት መንገድ ያገኛል፤ በሚሠራው ሥራ፣ በሚወደው ሰውና በሚያደንቀው በጎ ነገር፣ ደግሞም ሊያስቀረው የማይችለውን መከራ በክብር በመሸከም። ይኸው ሊቅ ሰው ትርጕሙን ከራሱ ውጭ ሊፈልግ እንደሚገባው ሲያስረዳ፣ ጤነኛ ዓይን ራሱን አያይም፤ በራሱ ላይ አንዳች ነገር ማየት የጀመረ ዓይን ሞራ የጋረደው ነው ይል ነበር።

ይህ ትምህርት ልምምዱን ለሚያዘወትሩ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰው ዘወትር ወደ ውስጡ ብቻ እየተመለከተ የገዛ ሰላሙን ሲቈጥር ቢኖር፣ ጽሙናው ውሎ አድሮ ራስን መውደድ ይሆንበታል። ልብ የሚሰበሰበው ለሌላው ለመስጠት ነው፤ በአሳብ የባከነ ሰው ሥራውንም፣ ወዳጁንም፣ መከራውንም በሙሉ ልቡ ሊቀበል አይችልምና። ስለዚህ ልምምዱ ፍሬ ማፍራቱን ማወቅ የሚሻ ሰው፣ ከጽሙናው ከተነሣ በኋላ ሚስቱ የምትነግረውን ሳያቋርጣት እስከ መጨረሻው ይሰማት እንደ ሆነ፣ የታመመ ጎረቤቱንም ሲጠይቅ ለመሄድ ይቸኵል እንደ ሆነ፣ ራሱን ይመርምር።